የከንቲባው ክረምት

ኩማ፣ ኤፕሪል 9

ለእህቴ ልጅ ለሮዊና፣

ሰላም ከማለቴ በፊት አቤቱታ አለኝ። ትተሽልኝ ከሄድሽው የፌንጣ ዕቃ ውስጥ አንዱ አምልጦ ከማቀዝቀዣው ጀርባ ገብቷል። ማምለጡስ ይሁን፤ ሊበላ ተቀምጦ የማያመልጥ ማን አለ? ግን ይዘፍናል። ዳቦዬን ቅቤ ስቀባ ዝም ይልና ልጎርስ አፌን ስከፍት ይጀምራል። ዜማው ሊያምር ሲል ደግሞ ይስታል፤ ልክ እንደ ሟቹ የቤተ ክርስቲያናችን ኦርጋን መቺ። ላባርረው ማቀዝቀዣውን ስጎትት ወገቤ ቀጭ አለ፤ እሱ ወደ ምድጃው ጀርባ ተዛወረ።

ክሴን ለከንቲባው አቀረብኩ። ከንቲባው ጺሙን ነፋ አድርጎ በክብር ካዳመጠኝ በኋላ ምንም ሳያደርግ ዓይኑን ጨፈነ። እናትሽ ለአንድ ጺማም እንሽላሊት ይህን ስም ስታወጣለት እህቴ ለየላት ብዬ ነበር። አሁን ገባኝ።

በይ አሁን ሰላም ልበልሽ። አንታርክቲካ እንዴት ተቀበለችሽ? ሜካኒክ ሆነሽ ከመላው ዓለም የመረጥሽው የሥራ ቦታ ያ መሆኑን ለሰው ስናገር ሰው ያዝንልኛል።

ለጠየቅሽኝ፦ አዎ፣ ይበላል። ዱባ ይወዳል፤ ከጓሮ የምለቅምለትን ቅጠል ይወዳል፤ ፌንጣ ሲያይ ክብሩን ይረሳል። የመስታወት ቤቱን ፀሐይ የምትገባበት ክፍል ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። ጠዋት መብራቱን ሳበራለት ድንጋዩ ላይ ይወጣና ሆዱን ዘርግቶ፣ አፉን ከፈት አድርጎ ይሞቃል። መጀመሪያ ቀን አፉን ሲከፍት ሊናገር መስሎኝ ራዲዮኑን ቀነስኩ።

ትናንት ጎረቤቴ ግሌኒስ የሎሚ ኬክ ይዛ መጣችና አፍጥጣ አየችው።

“ኔቪል፣ ይህ ነገር ይናከሳል?”

“የመረጡትን ብቻ።”

“ቀኑን ሙሉ ከሱ ጋር ምን ታወራላችሁ?”

“እሱ ያወራል፣ እኔ እሰማለሁ።”

“ሚስት አግብተህ ቢሆን ይህን ጊዜ ለምደኸው ነበር” ብላኝ ሄደች። ኬኩን ግን ትታዋለች።

እስከ ኖቬምበር፣ መርከብሽ እስክትመለስ፣ አታስቢ። እናትሽ ከጣት ያነሰ ሆኖ ያሳደገችው ነው፤ እኔ ዘንድ አይጎድልበትም።

አጎትሽ ኔቭ


ከጣቢያው፣ ኤፕሪል 24

አጎቴ ኔቭ፣

መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ። የመጨረሻዋ መርከብ ከሄደች ወዲህ ከዓለም ጋር የሚያገናኘን ኢሜይል ብቻ ነው፤ ማክሰኞን ከሐሙስ መለየት አቅቶኛል።

አይ፣ ብቻዬን አይደለሁም። ሁላችንም አንድ ጠረጴዛ ላይ ነው የምንበላው። ሥራዬም እንደነገርኩህ ነው፤ ጀነሬተሮቹ እንዳይቆሙ መጠበቅ። እነሱ ከቆሙ ሁላችንም እንደ በግ ሥጋ ደርቀን እንቀራለን። አብሳያችን ፊንባር ምግብ ሲያወጣልኝ፣ “አንቺ እኮ የኛ ምድጃ ነሽ፤ ብዪ፣ እንዳትጠፊብን” ይለኛል። ስቄለት እበላለሁ፤ ከዚያ ወደ ሞተሮቼ እመለሳለሁ። ከሞተሮቹ ጋር ማውራት ይቀለኛል። በዚህ አንተን ሳልመስል አልቀረሁም።

አሁን አንድ ነገር ልንገርህ፤ እባክህ ቀልድ አታድርገው። ብርዱ ሲጀምር ከንቲባው ምግብ ይቀንሳል፤ ጥግ ይፈልጋል። አትደንግጥ። የሱ ወገን ክረምትን ተኝቶ ነው የሚያሳልፈው። እናቴ በዚህ ወቅት ምግቡን ታቆምለት ነበር፤ ሆዱ ባዶ ሲሆን መብራቱን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ትቀንስለት ነበር። በመጨረሻ በዚያች በእንጨት ሣጥኑ አድርጋ፣ እንዳንተው ቤት ኮሪደሩ ላይ ባለው የፎጣ ቁም ሣጥን ውስጥ ታስቀምጠው ነበር፤ ብርድና ጨለማ ውስጥ። ጭካኔ ይመስላል፤ አይደለም። እስከ ፀደይ አይነካም።

ስለ ፌንጣው አዝናለሁ። ስም ካወጣህለት ጻፍልኝ።

ሮዊና


ኩማ፣ ሜይ 19

ሮዊና፣

አንብቤዋለሁ። ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ስለዚህ በየሳምንቱ “አጎቴ፣ አንብበኸዋል?” እያልሽ አትጨቅጭቂኝ።

ከንቲባው ደህና ነው። ትንሽ ሰነፍ ሆኗል እንጂ፤ ሥልጣን ላይ የቆየ ሁሉ ይሰንፋል። ዱባውን አሽትቶ ይተወዋል። እዚህ ውርጩ ጀምሯል፤ ጠዋት ሣሩ እንደ መስታወት ይሰበራል። መንደሩ በሙሉ ማገዶ ሲፈልጥ፣ እኔ እንግዳዬን ጨለማ ውስጥ ወርውሬ እሳት ልሞቅ? እናቴ፣ ማለት አያትሽ፣ እንዲህ ያለ የእንግዳ አቀባበል አላስተማረችንም። ስለዚህ ኃይሉ ከፍ ያለ አምፖል ገዝቼለታለሁ። ክፍሉ ግሩም ሆኗል። ራዲዮኑን፣ ወንበሬን፣ ኋላም አልጋዬን ወደዚያው አዛውሬያለሁ፤ አንድ ሰው ለብቻው ቤቱን ሁሉ ከሚያሞቅ እንዲህ ይቀላል።

ቅዳሜ ቅዳሜ ራግቢ አብረን እናያለን። የኛ ሰዎች ኳስ ሲይዙ አንድ ዓይኑን ከፈት ያደርጋል፤ ሲጥሉት ይጨፍናል። አብዛኛውን ጊዜ ጨፍኖ ነው የሚያመሸው።

የፌንጣው ስም ካሩሶ ነበር፣ እንደ ዝነኛው የኦፔራ ዘፋኝ፤ ሳምንት ሆነው፣ ድምፁ ጠፍቷል።

ፎቶ ማንሳቱን እሺ፣ እሞክራለሁ።

ኔቭ


ከጣቢያው፣ ጁን 1

አጎቴ፣

አይ፣ የካሜራው ጥፋት አይደለም። ፎቶው ጥሩ ነው፤ ጥሩ ስለሆነም ነው የደነገጥኩት።

የጭራው ሥር ቀጥኗል። ዓይኖቹ ወደ ውስጥ ገብተዋል። ከኋላው ግድግዳው ላይ የወደቀውን ጥላ አየሁ፤ መብራቱ በሙሉ ኃይሉ እየበራ ነው። አጎቴ፣ እንቅልፍ የጠራውን እንስሳ በሙቀት ቀስቅሰህ ይዘኸዋል። ስለሞቀው አይተኛም፤ ክረምት ስለሆነ አይበላም። ከገዛ ሥጋው እየበላ ነው ያለው። እንዲህ ከቀጠለ ይሞታል።

አልቆጣሁህም። ማለት፣ ተቆጥቼ ነበር፤ ወጥቼ የናፍጣ ማጣሪያ ለውጬ ስመለስ ለቀቀኝ። ለእንስሳት ሐኪሟ ለፕሩደንስ ደውልላት። ዛሬ ደውልላት። ከእናቴ እጅ የቀረኝ ትንፋሽ ያለው ነገር እሱ ብቻ ነው።

ሮዊና


ኩማ፣ ጁን 12

ሮዊና፣

መጣች። ጫማዋን ሳታወልቅ ቀጥታ ወደ ክፍሉ ገብታ ከንቲባውን ገለበጠችው፣ ሆዱን ነካካችው። ከዚያ አልጋዬን አየች፣ ወንበሬን አየች፣ ሣህኔን አየች።

“መብራቱን መቼ ነው የሚያጠፉት?”

“ስተኛ።”

“መቼ ነው የሚተኙት?”

ሣህኔን ከወንበሩ ላይ አነሣሁ።

“ሚስተር ኔቪል፣ መብራቱ ለማን ነው የሚበራው? ለሱ ነው ወይስ ለርስዎ?”

“የጠራሁሽ እንስሳ እንድታዪልኝ ነው” አልኳት።

“እያየሁ ነው” አለችኝ። ከዚያ ሁለታችንም ሳቅን፤ እሷ ግን ቀድማ ጨረሰች።

እንደመከረችኝ አደረግኩ። መጀመሪያ ለብ ባለ ውኃ ነከርኩት፤ ጠጣ። የሰጠችኝን መድኃኒት በጠብታ በአፉ ጨመርኩለት። ሆዱ ባዶ መሆኑን አረጋገጠችልኝ። ከዚያ መብራቱን በየቀኑ ቀነስኩ። እውነቱን ልንገርሽ፣ መቀነሱ ከማጥፋቱ ይብሳል። ትናንት ሣጥኑን የጋዜጣ ቅዳጅ ሞልቼ አጠገቡ አስቀመጥኩለት። ራሱ ገባ። ሊገባ ሲል አንድ ጊዜ ዞሮ አየኝ ብዬ ልጽፍልሽ ፈልጌ ነበር። አልዞረም። ዓመቱን ሙሉ ቀጠሮ እንደነበረው ሰው ቀጥ ብሎ ገብቶ ቅዳጁን በላዩ ላይ ሳበና ጠፋ።

ሣጥኑን ተሸክሜ ፎጣ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ከታችኛው መደርደሪያ አስገባሁት። በሩን ዘጋሁ።

ዛሬ ጠዋት ተነሥቼ “ደህና አደሩ ክቡር ከንቲባ” አልኩት፣ ባዶውን መስታወት። ከአፌ ወጥቶ ነው የታወቀኝ። እሁድ ከሆነ ስልክ እንኳን የማይደወልበት ቤት መሆኑን እስከ ዛሬ ልብ አላልኩም ነበር። አልጋዬን ወደ ቦታው መልሻለሁ። ብርድ ነው።

ፈርመሽ የሄድሽለት ሥራ ጊዜው ካለቀ በኋላ ሌላ ክረምት ትጨምሪ እንደሆነ ግሌኒስ ጠይቃኛለች። እኔ አልጠየቅኩም።

ኔቭ


ከጣቢያው፣ ጁላይ 6

አጎቴ፣

ስለ እጄ ማን ነገረህ? ፊንባር ነው? ወይስ ደብዳቤዬ ማጠሩን አይተህ ነው? አዎ፣ በአንድ እጅ ነው የምጽፈው። አንዱ ጀነሬተር ቆመ፤ ብሎኑ በጓንት አልያዝ አለኝ፤ ጓንቴን አወለቅኩ። ብርዱ የመታው ሁለት ጣት ነው። ሐኪማችን አይቆረጡም ብሎኛል። ጀነሬተሩ ተነሥቷል። ፊንባር ሾርባውን በማንኪያ ሊያጎርሰኝ ሞክሮ ሰደብኩት። አንተም አሁን ተረጋጋ።

ፀሐይ እዚህ አትወጣም። እኩለ ቀን ላይ ሰማዩ ዳር ዳሩን ትንሽ ይቀላና ሀሳቡን ይቀይራል። ከሥራ ስመለስ ብርድ ልብሴን ራሴ ላይ ስቤ እተኛለሁ። ሰዎች በሩን ሲያንኳኩ የለሁም እላለሁ። ከንቲባውን አስበዋለሁ፤ እሱስ ትክክል ነው ያደረገው እላለሁ።

ስለሱ ግን አንድ ነገር ቃል ግባልኝ። እናቴ ስትታመም እኔ በረሃ፣ ማዕድን ማውጫው ላይ ነበርኩ። ስደውል “ትንሽ ጉንፋን ይዟታል” አላችሁኝ። ሥራዋን ትጨርስ፣ አትረበሽ ተባለ። ስመጣ አልጋዋ ታጥፎ፣ መስኮቷ ተከፍቶ ነበር። ይህን የማነሣው ልወቅስህ አይደለም። ግን ከንቲባው ከሞተ ኖቬምበር ላይ ልትቀበለኝ ወደብ ላይ ቆመህ አትንገረኝ። በዚያው ቀን ጻፍልኝ። ሳትቀልድ ጻፍልኝ።

ሌላ ክረምት አልጨምርም። ለግሌኒስ ንገራት።

ሮዊና


ኩማ፣ ኦገስት 8

ሮዊና፣

ቃል ገብቻለሁ። በዚያው ቀን፣ ሳልቀልድ።

ስለ እናትሽ ያልሽው ልክ ነው። ራሷ ናት “ልጄን እንዳትረብሿት” ብላ ያስማለችን፤ መሐላው ግን አንቺን ሳይሆን እኛን ነው ያሳረፈን። በስልክ ድምፅሽን መስማት ፈርተን ነበር። 

በረዶ ወርዷል። የግሌኒስ አጥር በክብደቱ ወድቆ አሁን ቤቷን ከመኝታዬ አየዋለሁ። እሷም የኔን ታያለች መሰለኝ፤ ባለፈው ሳምንት ከደጇ ሆና ጮኸችብኝ።

“ኔቪል! እሁድ ሾርባ እሠራለሁ፤ ና!”

“ሥራ አለብኝ።”

“የምን ሥራ? እንሽላሊትህ እንኳ ፈቃድ ወጥቷል!”

አልሄድኩም። ለምን እንዳልሄድኩ አላውቅም። ቤት ውስጥ ቆሜ ዋልኩ።

ከንቲባውን አልነካሁትም፤ ብቻ ፎጣ ፍለጋ ቁም ሣጥኑን እከፍታለሁ። ጠዋት ፎጣ አስፈልጎኝ እከፍታለሁ፤ ከምሳ በኋላ አስፈልጎኝ እከፍታለሁ። በዕድሜዬ እንደዚህ ንጹሕ ሆኜ አላውቅም። ጆሮዬን ወደ ሣጥኑ ጠጋ አደርጋለሁ። ምንም አይሰማም። ፕሩደንስ “ምንም እንዳይሰማ ነው የሚፈለገው” ብላኛለች፤ ይህን እንደ መጽናኛ ነው የምወስደው። አጥብቄ አልወስደውም።

ጣቶችሽን ለሐኪሙ አሳዪ። ሾርባውንም በማንኪያ ቢሰጥሽ ጠጪ። አንዳችን እንኳ እንጠጣ።

ኔቭ


ከጣቢያው፣ ኦገስት 30

አጎቴ፣

ፀሐይ መጣች። ሁላችንም ጣሪያ ላይ ወጥተን እንደ ሞኝ አጨበጨብንላት። ፊንባር አለቀሰ፤ ሽንኩርት ነው አለ፤ ጣሪያ ላይ ሽንኩርት አልነበረም። ጣቶቼ ቆዳ ቀይረዋል። ከሰው ጋር መብላት ጀምሬያለሁ።

እስካሁን አለመንቃቱ ምንም አይደለም። ክረምቱ ረጅም ነው። እናቴ ግራሩ ቢጫ አበባውን ሲያወጣ ነበር ቁም ሣጥኑን ከፈት አድርጋ የምትተውለት። አንተም እንዲሁ አድርግ። ጠብቅ።

አዎ፣ ኖቬምበር እመጣለሁ፤ ወደ አንተ ቤት ነው የምመጣው። የእናቴ ቤት ከተሸጠ ወዲህ የት ልሂድ? ደርሼ ሁለታችሁን ማግኘት ነው የምፈልገው። ሁለታችሁን።

ሮዊና


ኩማ፣ ሴፕቴምበር 13

ሮዊና፣

ቃል ስለገባሁ ነው የምጽፈው። እንደ አቅሜም አልቀልድም።

ግራሩ ካበበ ሰንብቷል። የቁም ሣጥኑን በር ከፍቼ ተውኩት፤ ጠበቅኩ። ትናንት ጠዋት ሣጥኑን አውጥቼ ቅዳጁን አነሣሁ። ወደ ጎን ተጠምዝዞ ተኝቷል። መልኩ ጠቁሯል። እንደ ወንዝ ድንጋይ ይቀዘቅዛል። ስሙን ጠራሁት፣ የኋላ እግሩን በጣቴ ነካሁት፤ ሌላ ጊዜ ስብስብ ያደርጋት የነበረችውን እግር አልሰበሰባትም። ሆዱ ሲነፋ ሲጎድል ለማየት መነጽሬን አጽድቼ ረጅም ጊዜ አየሁ። ምንም አላየሁም፤ ዓይኔን ግን አላምነውም። ፕሩደንስ በጎች እያዋለደች እርሻዎቹ ላይ ነች፤ ማክሰኞ ትመጣለች። በስልክ፣ “ሞቶ ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል፤ አይቅበሩት” አለችኝ።

እኔ ግን ጉድጓዱን ቆፍሬዋለሁ፤ ፀሐይ ቀድማ የምትደርስበት የጓሮው ጥግ ላይ። እጄ ሥራ ፈልጎ ነው። ግሌኒስ ከወደቀው አጥር ማዶ ቆማ፣ “ድንች ልትተክል ነው?” አለችኝ። “አዎ” አልኳት። አንድ ጉድጓድ ብቻ መሆኑን አየች። ወደ ቤቷ ገብታ መጋረጃዋን ዘጋች። መቼም ደግ ናት።

ሣጥኑን ወደ ቁም ሣጥኑ ልመልሰው አልቻልኩም። ክዳኑን አንሥቼ፣ በጎኑ አጋድሜ ኮሪደሩ ላይ፣ የውጪው በር መስታወት ሥር አስቀመጥኩት። ዛሬ ሰማዩ የጠራ ነው፤ ፀሐይ በዚያ መስታወት ገብታ ወለሉ ላይ ተኝታለች። ሞቶ እንደሆነ እንኳ ሞቆት ይሁን ብዬ ነው። አሁንም ያው ስህተቴ ነው መሰለኝ፤ ማሞቅ እንጂ ሌላ ነገር አልተማርኩም።

ሮዊና፣ ያደረግኩት ሁሉ ከፍቅር ነው ብዬ አላመካኝም። ያን ሁሉ ሳምንት በግድ ያነቃሁት ብቻዬን እንዳልነቃ ብዬ ነው። ከሥጋው ያጎደልኩት ያኔ ነው። ከሞተ በክረምቱ አይደለም፤ በኔ ነው። ማክሰኞ ፕሩደንስ ሌላ ነገር ካለች እጽፍልሻለሁ፤ ያው ካለች ደግሞ ይኸው ነግሬሻለሁ። ስትመጪ ሁለታችንን አላገኘሽም ማለት ነው። አንዱን፣ የባሰውን፣ ታገኚያለሽ። ለሱም ቢሆን መጥተሽ ብትቆዪ…

ቆዪ፣ በሩ ላይ ሰው አለ። የዚህ የኔ ክፍል በር እንጂ የውጪው አይደለም። ግሌኒስ በጓሮ ገብታ ይሆናል፤ መቼም ጉድጓዱን አይታ አትተወኝም።

“ግቢ፣ ክፍት ነው” አልኩ። አትገባም። በጥፍሯ በሩን ትቧጥጣለች። ደግሞ ከታች ነው የምትቧጥጠው፣ ከወለሉ አጠገብ። ሴትዮዋ ወድቃ ይሆን እንዴ? ልይ።

ግሌኒስ አይደለችም።

ራሱ ላይ የጋዜጣ ቅዳጅ አለ። ደፉ ላይ ቆሟል፣ ከስቷል፣ ቆሽሿል፤ ሰላም እንደሚል ሰው አንድ እጁን ከፍ አድርጎ በአየር ላይ ቀስ እያለ ያዞራታል። እኔም እጄን አነሣሁለት። ውኃ ልቅዳለት፣ መብራቱንም ላብራለት።